ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ዝናብ

መጀመሪያ የተሰማው ዝናቡ ነው። ቀስ ብሎ ጀመረ። አንድ ጠብታ፣ ዝም፣ ደግሞ ሁለት፤ ከዚያ ሰው ቆርቆሮውን በጥፍሩ የሚቆረቁር ያህል ኮሽ ኮሽ፤ ከዚያ ባንዴ ለቀቀው። ዶፍ! አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበርና የት እንዳለሁ ጠፋኝ። በረደኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት።

«ልብሱ! ኧረ ልብሱ!»

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ስትሮጥ ነጠላ ጫማዋ ሲንጣጣ ሰማሁ። እኔም ተነስቼ ወጣሁ። ግቢው መሃል እናቴ አንሶላ በእቅፏ ሞልታ ቆማለች። አጠገቧ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ፣ ራሷ ላይ ፎጣ እንደጠመጠመች፣ አራት ሸሚዝ ትከሻዋ ላይ ጥላ ሽቅብ ታያለች። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም። ፀሐዩ ዓይን ይወጋል።

«ሠራን! ዛሬም ጉድ ሠራን!» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ስድስት ዓመት ዝም ብሎ ከርሞ፣ እኔ እኮ ጭራሽ ረስቼው ነበር!»

«አንተ ሰውዬ!» እናቴ ወደ ኋላ ክፍሉ ጮኸች። «ያልደረቀ ልብስ አስለቀምከን እኮ!»

ዝናቡ ቀጥ አለ። አባቴ በአንድ እጁ ወንፊት፣ በሌላው ደረቅ አተር የሞላ ጣሳ ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ዘነበብሽ እንዴ?»

«እንኳን ዘንቦብኝ እንዲሁም ጤዛ ነኝ» አለችው። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን አጠፈችው። እኔ ግን የአባቴን ፊት ነበር የማየው። ደስ ያለው ይመስላል፤ የከፋውም ይመስላል። የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አባቴ ድምፅ ሠሪ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ዶፍ» ይለዋል። ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ለድራማ ዝናብ አዝንቧል፣ በር ዘግቷል፣ ፈረስ ጋልቧል፣ እሳት አንድዷል። ዝናቡ አተርና ወንፊት ነው። ፈረሱ ለሁለት የተሰነጠቀ ቅል። እሳቱ የሚጨማደድ ላስቲክ። ወፍ ሲነሳ የእናቴን የቆዳ ጓንት ያርገፈግፈዋል። ነጎድጓዱ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ላሜራ ነው፤ አንድ ቀን ገመዱ ተበጥሶ ግራ እግሩ ላይ ወድቆበት ከዚያ ወዲህ ያነክሳል። ኋላ ጣቢያው ኮምፒውተር አስገባ፤ ዝናቡም ተቀድቶ መጣ። የሚከፈለው በየክፍሉ እንጂ ቋሚ ሠራተኛ ስላልነበረ ጡረታ የለውም። ዕቃውን በጋሪ ጭኖ አምጥቶ የኋላ ክፍሉ ውስጥ ደረደረው፤ በሩን ከነመቃኑ፣ እርምጃ የሚረግጥበትን የአሸዋ ሣጥን፣ ላሜራውን።

የመጣው ጣጣ በዚችው ክፍል ነው። አከራያችን ክፍሏን ለሌላ ሰው ሊሰጣት ፈልጓል። «ወይ ጨምሩ ወይ ልቀቁ» ብሎ የሁለት ወር ቀን ቆርጦልናል። በእናቴ ስፌትና በእኔ ደሞዝ መጨመር አንችልም። ክፍሏ ከሄደች ዕቃው ይሄዳል፤ ማስቀመጫ የለንም። አባቴ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዕቃውን ብቻ በየቀኑ ይወለውላል። የሚጮኸውን የበር ማጠፊያ ዘይት ይቀባል፤ ቀብቶ ሲያበቃ ደግሞ እንደገና እንዲጮህ ይጠርገዋል።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። አንድ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ቅጽ ልታስባዛ መጣች። ከላይ «ለአንጋፋ የጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ» ይላል። ለሷ ሦስት አባዛሁ፤ አንድ ለራሴ አስቀረሁ። ሌባ ከሆንኩ በዚያች ቀን ነው።

ቅጹን አባቴ ፊት ዘረጋሁት። የሙያ ዘርፍ፦ ተዋናይ፣ ሙዚቀኛ፣ ሠዓሊ፣ ደራሲ፣ ሌላ።

«ሌላ» አለ አባቴ፣ በጣቱ እየነካ። «ይሄ እኔ ነኝ።»

«ሌላ ከተባለ ይገለጽ ይላል፤ ምን ልበል?»

«ዝናብ ብለህ ጻፍ።»

«አባባ፣ አትቀልድ።»

«ማን ቀለደ?»

እኔ «የሬዲዮ ድራማ ድምፆች አዘጋጅ» ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ናሙና ይያያዝ ስለሚል አሮጌዎቹን ካሴቶች አገላበጥኩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በሁሉም ካሴት ላይ ተዋንያኑ ይጮሃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሳደባሉ፤ የአባቴ ሥራ ከሥር ነው የሚሰማው። ታዲያ ሥራው ጥርት ብሎ ይሰማ ብዬ ሰው የሚናገርበትን ሁሉ ቆርጬ ጣልኩ። የቀረው አሥራ አንድ ደቂቃ ዝናብ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ፈረስ ያልፋል። ደጋግሜ ሰማሁት፤ ከዚያ ያማረ ነገር ሰምቼ አላውቅም። በፍላሽ ገልብጬ ላክሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ማህተም አለው። እናቴ አነበበችው፣ ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ አባቴ ለብቻው ወደ መስኮቱ ወስዶ።

«የላኩት ቅጂ ከባድ ዝናብ እየዘነበ የተቀዳ በመሆኑ የአመልካቹን ሥራ መስማት አልተቻለም። ዝናብ በሌለበት ቀን እንደገና ተቀድቶ እንዲቀርብ እናሳስባለን።»

እናቴ መቀሷን አስቀመጠች።

«ይሄ ሙገሳ ነው ስድብ?» አለች።

አባቴ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ከተተ።

«በቃ» አለ። «ተዉት። ይሄ ይበቃኛል።»

«ምኑ ነው የሚበቃህ? ከለከሉህ እኮ!»

«አልከለከሉኝም። ዘነበ ነው ያሉት።»

«ታዲያ ሰውዬው ሲመጣ ለቤት ኪራይ ይሄን ደብዳቤ ልትሰጠው ነው?»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ ክርክራቸው። በመጨረሻ እናቴ አሸነፈች። ማሸነፍ ከተባለ። ባርኔጣውን አንስታ ራሱ ላይ ደፋችለትና «ሂዱ» አለችን።

ደብዳቤውን የጻፈው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ አንድ ክራሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ያቀፈ ሽማግሌ ተቀምጦበታል። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠብቁት?» አልኩት። «ከመጀመሪያ ጀምሮ» አለኝ። ከምን መጀመሪያ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

መዝገብ የያዘችው ልጅ ጠረጴዛዋ መስታወት ሥር የራሷን ፎቶ ደርድራለች። ደብዳቤውን አየች፣ አባቴን አየች፣ እኔን አየች።

«እሺ አባባ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን የተቀዳውን ይዘዋል?»

«ያን ቀንም አልዘነበም ልጄ።»

«ሰምተነዋል እኮ! ያውም የሚያስፈራ ዝናብ። አለቃችን እንዲያውም የመኪናው መስኮት ክፍት መሆኑ ትዝ ብሎት ወረደ።»

አባቴ ፈገግ አለ። ቶሎ መልሶ ዋጠው።

«እኔ ነኝ ያዘነብኩት» አላት።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አፏ ውስጥ ከተተች። «ዝናቡን የቀዱት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

«አልቀዳሁትም። አዘነብኩት።»

«አዘነብኩት ማለት…» ወደኔ ዞረች፤ የታመመ ሰው እንዳመጣሁ ዓይነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባትህ ናቸው?»

«አባቴ ነው። በአተር ነው የሚያዘንበው» አልኩ። ስናገረው ነገሩ ባሰ። ሳስረዳ ቅሉ ገባ፣ ቅሉን ሳስረዳ ጓንቱ ገባ፤ እኔው ራሴ የምናገረው ውሸት ይመስለኝ ጀመር። በመጨረሻ ልጅቷ እጇን አነሳች።

«ኮሚቴው ቤታችሁ መጥቶ ይይ። ሐሙስ። ሥራዎን እፊታቸው ይሥሩ፣ ያያሉ፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ።»

«ያያሉ?» አለ አባቴ።

«አዎ፣ ያያሉ።»

«ይሰማሉ እንጂ ምኑን ያያሉ?»

ልጅቷ «የሚቀጥለው!» ብላ ተጣራች። ባለ ክራሩ ሽማግሌ ከወንበሩ አልተነሳም፤ እሱ ገና አልደረሰውም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ያን መንገድ ሙሉ የተናገረው አንድ ነገር ነው። «እጄን ያየ ሰው ዝናቡን አይሰማም።» ነገሩን አውቀዋለሁ። ድሮ ድሮ ተዋንያኑና እሱ ፊት ለፊት ይቆሙ ነበር። አንድ ቀን የቀብር ትዕይንት ሲቀዳ፣ አልቃሽ የሆነችው ተዋናይት አባቴ በቅል ሲጋልብ አይታ ሳቋን ለቀቀችው። ሦስት ጊዜ ተቀዳ፣ ሦስት ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ጣቢያው አረንጓዴ መጋረጃ ሰቀለ፤ አባቴም ከጀርባው ገባ። ሃያ ሰባት ዓመት ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ሠራ።

ሌላም ሕግ አለው። የሌላውን ሰው ሁሉ እርምጃ ይሠራል። ወታደር፣ ነፍሰ ጡር፣ ሰካራም፣ ደብዳቤ ይዛ የምትሮጥ ልጅ። የራሱን ግን በሬዲዮ አሰምቶ አያውቅም። ትንሽ ሆኜ «ለምን?» ስለው «ታዲያ እናንተ በምን ልታውቁኝ?» ብሎኛል። እውነቱን ነው። እኔና እናቴ ከሥራ መምጣቱን የምናውቀው ከበሩ ሳይሆን ከእግሩ ነው። ቀኙ ሙሉ ይረግጣል፤ ግራው ይከተላል። ጧ፣ ሸር። ጧ፣ ሸር። ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው በዚያ ነበር።

ሐሙስ እናቴ ለደንበኛ የሰፋችውን ወፍራም መጋረጃ ሳሎኑንና የኋላ ክፍሉን በሚለየው በር ላይ ሰቀለችለት። «ነገ ነው የሚወስዱት፣ እንዳታቆሽሸው» አለችው። የኋላ ክፍሉ የራሱ በር አለው፤ ሦስት የድንጋይ ደረጃ፣ ቀጥሎ የብረት በር፣ ቀጥሎ መንገድ። ይሄን የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የኮሚቴው አባላት ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቁጥብ ሴት ናት። ገምጋሚው ወጣት ነው፤ ሁሉን ነገር ይጽፋል። ሦስተኛው ሲገባ እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። በሬዲዮ ድራማ አገር ያወቀው፣ ያ ባለወፍራም ድምፁ ተዋናይ ነው። አርጅቷል፤ ድምፁ ግን አላረጀም።

አባቴን ሲያይ እጁን ዘረጋ። «አውቅሃለሁ! ጣቢያ ነበርክ! ቆይ… ሻይ ታመጣልን የነበርከው!»

አባቴ የተዘረጋለትን እጅ ጨበጠ።

«እሱ እኮ ዝናቡን የሚሠራልዎት ነበር» አለች እናቴ። «ፈረስዎንም።»

«ፈረሴን?» ተዋናዩ ከልቡ ግራ ገባው። «ፈረሱ ሸክላ አልነበር? ከመጋረጃው ጀርባ ሸክላ ማጫወቻ አለ ነበር የሚሉን። ሰው ነበር እንዴ?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ፣ ለማን እንዳለችው ሳይታወቅ።

ተዋናዩ አልከፋም፤ ክፉ ሰው አይደለም። የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገና «እንኳን አየሁህ» አለው። አባቴ የሰውዬውን እጅ ተመለከተ፣ ከዚያ የሸሚዙን ኪስ ዳበሰ። ደብዳቤው እዚያ አለ።

«ልጀምር?» ብሎ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

ጠብታው መጣ። አንድ። ዝም። ሁለት። ገምጋሚው መጻፉን ተወ። ዶፉ ሲወርድ ሰብሳቢዋ ሳታስበው መስኮቱን ዘጋች፤ ዘግታ ውጭውን አየች፤ ፀሐይ ነው። መልሳ ከፈተችው። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ነጎድጓዱ፣ ከዚያ ከሩቅ የሚመጣ ፈረስ፣ ከዚያ እሳት። ገምጋሚው አፍንጫውን ሲያነሳ አይቻለሁ፤ ጭስ ነበር የሚያሸትተው።

ሲያበቃ ሰብሳቢዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ግሩም ነው። ግሩም። ግን እንግዲህ… ቅጂ አለመሆኑን በምን አውቀን እንፈርማለን? ይቅርታ፣ መጋረጃውን ቢገልጡልን?»

«አይሆንም» አለ የአባቴ ድምፅ ከጀርባ። ትሁት ነው፤ ግን አለቀ የሚል ድምፅ ነው።

«አባባ፣ እባክህ» አልኩ።

«አይሆንም ልጄ።»

እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። የክፍሏ ነገር፣ የሁለት ወሩ ነገር ፊቷ ላይ ይታያል። ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን ክዳን አለበሰችው። በቃ፣ ሄደ አልኩ።

ያኔ ነው ተዋናዩ የተናገረው። «ቆዩ፣ እኔ ልፈትነው። በቅጂ ሊኖር የማይችል ነገር ልጠይቀው። አንተ፣ ስማኝ! አንድ ሰው ሥራ። ሽማግሌ ይሁን። ይህን ቤት ትቶ ሲሄድ፤ ከዚህ ከቆምክበት ተነስቶ። ደረጃውን ያሰማን፣ በሩን ያሰማን፣ እየራቀ እየራቀ እስኪጠፋ። ትችላለህ?»

ከመጋረጃው ጀርባ ምንም የለም። አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ወንፊቱ ይመስለኛል።

ከዚያ እርምጃ ተሰማ።

ሰብሳቢዋ ዓይኗን ጨፈነች። በር ተከፈተ፤ አልጮኸም። የአባቴ ሥራ በር ይጮሃል፤ ይሄ አልጮኸም። አንድ ደረጃ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ጠጠር። የብረቱ በር ኪው ብሎ ተከፈተ፣ ገጭ ብሎ ተዘጋ። ከዚያ መንገዱ ላይ፣ እየቀጠነ።

ጧ፣ ሸር። ጧ፣ ሸር።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። መርፌ ጣቷ ላይ እንደተሰካባት ዓይነት። አፌን ልከፍት ስል ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ ዝም በል ይሁን፣ ሩጥ ይሁን፣ እኔንጃ።

«ሰማችሁ?» አለ ተዋናዩ በሹክሹክታ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አንድ እግሩ ያነክሳል! ማንካሳ አደረገው እኮ! ይሄን ማን ያስባል?»

«የርቀቱ ነገር» አለች ሰብሳቢዋ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እውነት መንገዱ ላይ ያለ ነው የሚመስለው።»

ጧ፣ ሸር። ከዚያ የለም።

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን ከፈተች፤ «ሙያው ተረጋግጧል» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች። ገምጋሚው ፈረመ። ተዋናዩ ዓይኑን ጠርጎ ፈረመ። ወረቀቱን ለእናቴ ሰጧት፤ እሷ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ አላየችውም።

«በል ውጣ እንግዲህ!» አለ ተዋናዩ በዚያ አገር ባወቀው ድምፁ። «ውጣና እናጨብጭብልህ!»

ሦስቱም ቆመው አጨበጨቡ። አጨበጨቡ፣ አጨበጨቡ። መጋረጃው ክፍት ከቀረው የኋላ በር በገባ ነፋስ ወደኛ ተነፋ፤ መልሶ ረገበ።